ባለ አረንጓዴ ጠርዙ ዲስክ ከጥቁሩ ያንሳል?

ጥያቄው፦ «የአሥራ አራት ዓመት ልጄ የድሮ የፕሌይስቴሽን ጌሞችን መሰብሰብ ጀምሯል። ለልደቱ ‹ስፓይሮ፦ ይር ኦፍ ዘ ድራገን›ን ገዛሁለት። ሽፋኑ በግራ በኩል አረንጓዴ ጠርዝ አለው፤ ‹ግሬተስት ሂትስ› ይላል። ልጄ ሲያየው ፊቱ ጠቆረ። ‹ይሄ ርካሹ ነው፣ ዋናው ጥቁሩ ነው› አለኝ። የተታለልኩ መሰለኝ። ልዩነታቸው ምንድን ነው? ውስጡ ያለው ጌም ያው ነው? ከአሁን በኋላስ የትኛውን ልግዛለት?»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ልብዎ ይረፍ፤ አልተታለሉም። የገዙት ዲስክ በሕጋዊ መንገድ፣ በኮንሶሉ (በጌም መጫወቻ መሣሪያው) ባለቤት በሶኒ ኩባንያ ፈቃድ የታተመ ነው። ከጌሙ የተቆረጠም ነገር የለም። እንዲያውም በዚህ በአንዱ ጌም ጉዳይ ልጅዎ እጅ ላይ ያለው አረንጓዴው ከሚመኘው ጥቁር ይሻላል። ይህን የምለው ላጽናናዎ አይደለም። ሥራዬ የድሮ ዲስኮችን እያነበቡ አንዱን ሕትመት ከሌላው ማነጻጸር ነውና ስፓይሮ ሦስት፣ ማለትም ይኸው የልጅዎ ጌም፣ ደጋግሜ የማነሳው ምሳሌዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጌሙ በአሜሪካ የወጣው በ2000 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሠራው ኢንሶምኒያክ ጌምስ ሲሆን ሙዚቃውን የደረሰው የፖሊስ ባንድ ከበሮ መቺ የነበረው ስቱዋርት ኮፕላንድ ነው። የመጀመሪያው ሕትመት ለገበያ ሲቀርብ ግን ሙዚቃው ሁሉ በየቦታው አልገባም ነበር። አንዳንዶቹ ዓለማት የራሳቸው ዜማ ሳይኖራቸው የሌላውን ተውሰው ያሰማሉ። ተጫዋቹ ይህን እንደ ጉድለት ላያስተውለው ይችላል፤ ጌሙ ሲሠራ እንዲህ የታሰበ ይመስለዋል። በኋላ ግሬተስት ሂትስ በተባለው የቅናሽ እትም ሽፋን እንደገና ሲታተም ያልነበሩ ዜማዎች ተጨመሩ፣ አንዳንድ ስህተቶችም ታረሙ። ስለዚህ ልጅዎ አረንጓዴውን ሲጫወት የሚሰማው ጥቁሩን የገዙት ሰዎች ያልሰሙትን ሙዚቃ ነው። ይህን ቢነግሩት ፊቱ የሚፈታ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሥሩ እንሂድ፤ ርካሽ እትም ለምን ተፈጠረ?

የጌም ወጪ በአብዛኛው የሚያልቀው የመጀመሪያው ዲስክ ከመታተሙ በፊት ነው። የፕሮግራም ጸሐፊዎቹና የሥዕል ባለሙያዎቹ የዓመታት ደመወዝ፣ የድምፅ ቀረጻው፣ ማስታወቂያው ሁሉ ቀድሞ ይከፈላል። ከዚያ ወዲያ አንድ ተጨማሪ ዲስክ ማተም እዚህ ግባ የሚባል ገንዘብ አይጠይቅም። ጌሙን በወጣበት ሳምንት የሚገዛው ሰው ሲጠብቀው የኖረ ነው፤ ሙሉውን ዋጋ ከፍሎ ይወስዳል። ከሁለት ዓመት በኋላ የሚመጣው ግን ሌላ ሰው ነው። እሱ ኮንሶሉን ራሱን የገዛው ዋጋው ስለወረደ ነው። ፕሌይስቴሽን በ1995 በአሜሪካ ሲወጣ 299 ዶላር ነበር፤ በ1996 ወደ 199፣ በ1997 ደግሞ ወደ 149 ዶላር ወረደ። ግሬተስት ሂትስ የተጀመረው በዚሁ በ1997 ነው። ሁለቱ በአንድ ዓመት መግጠማቸው እንዲሁ የሆነ ነገር አይመስለኝም። መሣሪያውን በግማሽ ዋጋ የገዛ ሰው ለእያንዳንዱ ጌም ሙሉ ዋጋ ክፈል ቢሉት ሁለት ገዝቶ ያቆማል። በሃያ ዶላር ገደማ የሚሸጥ፣ ሌሎች ተጫውተው የመሰከሩለት ጌም መደርደሪያው ላይ ቢያገኝ ግን አምስትና ስድስት ይወስዳል። ፕሌይስቴሽን 2 ላይም የሆነው ይኸው ነው፤ ኮንሶሉ በ2000 በ299 ዶላር ጀምሮ በ2009 ወደ 99 ዶላር ሲወርድ ቀይ ጠርዝ ያላቸው ግሬተስት ሂትስ ጌሞች አብረውት ይሸጡ ነበር።

ከዚህ ጀርባ አንድ የማይታይ ክፍያ አለ። አሳታሚ ለአንድ ኮንሶል ጌም ሲያወጣ ለኮንሶሉ ባለቤት ከእያንዳንዱ ቅጂ የፈቃድ ክፍያ ይከፍላል። ያ ክፍያ እንዳለ ከቆየ በሃያ ዶላር ሸጦ ማትረፍ ይከብደዋል። ስለዚህ የቅናሽ መስመር ማለት በዋናነት ስምምነት ነው፤ የኮንሶሉ ባለቤት ድርሻውን ይቀንሳል፣ አሳታሚው ዋጋውን ይቀንሳል፣ ሻጩ ደግሞ አሮጌውን ጌም ከመደርደሪያው አያወርድም። ተለይቶ የሚታወቅ ጠርዝ ያስፈለገውም ለዚሁ ነው። ገዢው ከሩቅ አይቶ «ይህ በቅናሽ የሚሸጠው፣ ብዙ ሰው የወደደው ነው» እንዲል።

እዚህ ላይ ልጅዎ የሳተው ነጥብ አለ። ያልተሸጠ ጌም አረንጓዴ ጠርዝ አያገኝም፤ ዋጋው ተሰባብሮ ከመደርደሪያ ይጠፋል እንጂ። የሶኒ ተፎካካሪ ኒንቴንዶ በ1996 «ፕሌየርስ ቾይስ» የሚባለውን መስመር ሲጀምር መግቢያው አንድ ሚሊዮን ቅጂ መሸጥ ነበር፤ ሳጥኑ ላይም «ሚሊየን ሴለር» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ሶኒ መጀመሪያ ላይ የጠየቀው ጌሙ አንድ ዓመት ገበያ ላይ እንዲቆይና 150,000 ቅጂ እንዲሸጥ ነው፤ ቁጥሩን በኋላ ከፍ አድርጎታል። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት እኔ የምረዳው ከዕቃው ዓይነት ነው። ኒንቴንዶ የሚሸጠው ካርትሪጅ ነበር፤ ውስጡ ቺፕ ስላለ አንዱን ማምረት ከዲስክ ብዙ እጥፍ ያስወጣል፣ ትዕዛዙም ቀድሞ መሰጠት አለበት። ባይሸጥ ኪሳራው ከባድ ነው። ዲስክ ግን በአጭር ጊዜና በትንሽ ገንዘብ ይታተማል፤ ስለዚህ ሶኒ በሩን ዝቅ አድርጎ መክፈት ይችል ነበር። በዚያ ትውልድ ፕሌይስቴሽን ከ100 ሚሊዮን በላይ ሲሸጥ ኒንቴንዶ 64 ወደ 33 ሚሊዮን ላይ ቆሟል። ርካሽ ጌም ብቻውን ይህን አላመጣውም፤ ግን ድርሻ ነበረው እላለሁ።

በሌሎች አገሮች ስሙ ይለያያል። በአውሮፓ የሶኒው መስመር «ፕላቲነም» ይባላል፣ ጠርዙም ብርማ ነው። በጃፓን «ፕሌይስቴሽን ዘ ቤስት» ነው። ማይክሮሶፍት ለኤክስቦክስ በአሜሪካ «ፕላቲነም ሂትስ» በአውሮፓ «ክላሲክስ» ብሎታል። ኒንቴንዶ በ2011 «ኒንቴንዶ ሴሌክትስ»ን ዊ በተባለው ኮንሶሉ ጌሞች ጀመረ። ስማቸው ይለያይ እንጂ አሠራራቸው ተመሳሳይ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልግባ፤ «ጌሙ ያው ነው?» ብዙ ጊዜ አዎ፣ ፍጹም ያው ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን አይደለም፤ የኔ ሙያ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። በዚያ ዘመን አብዛኛው ኮንሶል ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝም ነበር፤ ጌም አንዴ ከታተመ በኋላ የሚታረምበት መንገድ እንደገና ማተም ብቻ ነው። የቅናሽ እትም ደግሞ ፋብሪካው ለዚያ ጌም እንደገና ሥራ የሚጀምርበት አጋጣሚ ነው። አሳታሚው የተጠራቀመ ማረሚያ በእጁ ካለ የሚያስገባው ያኔ ነው። ስለዚህ የቅናሽ እትም በተፈጥሮው የኋለኛ ሕትመት ነው፤ የኋለኛ ሕትመት የሚያመጣው ጥሩም መጥፎም እሱ ላይ ያርፋል።

ከጥሩው ልጀምር፤ «ሳይለንት ሂል 2»። በ2001 ለፕሌይስቴሽን 2 ሲወጣ አንድ ዋና ታሪክ ብቻ ነበረው። በኋላ ለኤክስቦክስ ሲዘጋጅ ማሪያ የምትባለዋን ገጸ ባሕርይ የምንጫወትበት «ቦርን ፍሮም ኤ ዊሽ» የሚል አጭር ክፍል ተጨመረበት። የአሜሪካው የፕሌይስቴሽን 2 ግሬተስት ሂትስ እትም ይህንን ክፍል ይዟል፤ ሙሉ ዋጋ የተከፈለበት የመጀመሪያው ሕትመት የለውም። በዚህ ጌም «ዋናውን» ፍለጋ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው የሚያገኘው የጎደለውን ነው። ይህን ሳያውቁ የገዙ ሰዎች ሲያዝኑ ደጋግሜ አይቻለሁ።

መሃል ላይ ያሉም አሉ። «ዘ ለጀንድ ኦፍ ዜልዳ፦ ኦካሪና ኦፍ ታይም» በኒንቴንዶ 64 ላይ በእንግሊዝኛ 1.0፣ 1.1 እና 1.2 የሚባሉ ሦስት ሕትመቶች አሉት። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የእሳት ቤተ መቅደሱ ሙዚቃ ውስጥ ሃይማኖታዊ ዝማሬ ነበረበት፤ የዋናው ጠላት የጋኖንዶርፍም ደም ቀይ ነበር። በ1.2 ዝማሬው ወጥቶ ሌላ ድምፅ ገባ፣ ደሙም አረንጓዴ ሆነ። የትኛው ይሻላል? አንዱ የቀድሞውን ሙዚቃ ይወዳል፣ ሌላው ስህተቱ የታረመለትን ይመርጣል። ጌምን በአጭር ሰዓት ለመጨረስ የሚወዳደሩ ተጫዋቾች ደግሞ ራሱን ስህተቱን ይፈልጉታል፤ በግድግዳ ውስጥ የሚያሾልክ ወይም መንገድ የሚያቋርጥ ብልሽት ለእነሱ ሀብት ነው። «ሱፐር ስማሽ ብራዘርስ ሜሌ» እንዲሁ 1.00፣ 1.01 እና 1.02 አለው፤ በሦስቱ መካከል ያሉት ጥቃቅን ልዩነቶች ተራ ተጫዋች አይነካቸውም፤ ውድድር የሚገባ ሰው ግን ያውቃቸዋል።

የሚወሰድበት ጊዜም አለ። በ2005 «ግራንድ ቴፍት ኦቶ፦ ሳን አንድሪያስ» ውስጥ ተደብቆ የቀረ የወሲብ ትዕይንት ተገኝቶ «ሆት ኮፊ» በሚል ስም ታላቅ ውዝግብ ተነሣ። የአሜሪካው የጌም ደረጃ አውጪ አካል ጌሙን ለአዋቂዎች ብቻ በሚለው ደረጃ መደበው፤ አሳታሚውም ትዕይንቱን ነቅሎ አዲስ ሕትመት አወጣ። ከዚያ በኋላ የታተሙት፣ የቅናሾቹን ጨምሮ፣ ይህ የተነቀለባቸው ናቸው።

ሙዚቃ ደግሞ የባሰ ይለወጣል። በ1998 የወጣው የ«ሬዚደንት ኢቭል ዳይሬክተርስ ከት» ዱዋል ሾክ እትም የመጀመሪያውን ሙዚቃ ሙሉ በሙሉ በሌላ ተክቶታል። አዲሱ ሙዚቃ በማሞሩ ሳሙራጎቺ ስም ነበር የወጣው። በ2014 ግን ታካሺ ኒጋኪ የተባለ የሙዚቃ ባለሙያ ለዓመታት በሳሙራጎቺ ስም ሲደርስ የኖረው እሱ እንደሆነ በአደባባይ ተናገረ። ያንን እትም ከቀድሞው ጋር ጎን ለጎን ያደመጠ ሰው ፍርሃቱ በምን ያህል እንደሚቀንስ ይሰማዋል። ለእኔ የቀድሞው ይበልጣል፤ ጥርጥር የለኝም።

እንግዲህ ትክክለኛው ጥያቄ «ይህ ቅጂ ስንተኛው ሕትመት ነው?» የሚለው ነው። የጠርዙ ቀለም ፍንጭ ይሰጣል እንጂ አይመልስም፤ አንዳንድ ጊዜ ጥቁሩም በኋላ ከታተመው ወገን ሊሆን ይችላልና። ዲስኩን ራሱን መመልከት ያስፈልጋል። በአሜሪካው ፕሌይስቴሽን ሽፋን ጀርባ ማጠፊያና በዲስኩ ፊት ላይ በላቲን ፊደልና በቁጥር የተጻፈ መለያ አለ፤ በግሬተስት ሂትስ ላይ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ያው ሆኖ መጨረሻው ላይ «ጂ ኤች» የሚሉ ሁለት ፊደሎች ይጨመራሉ። ዲስኩን ገልብጠው የመሃሉን ቀለበት በብርሃን ቢያዩት ፋብሪካው የቀረጸበት ጽሑፍ ይታያል፤ ሁለት ሕትመቶችን ለይቶ ለማወቅ እኔ የማምነው እሱን ነው። ጌምኪዩብ በተባለው የኒንቴንዶ ኮንሶል ዲስኮች ቀለበት ላይ የሕትመቱ ቁጥር ራሱ ተጽፏል። በኒንቴንዶ 64 ካርትሪጅ ደግሞ ጀርባው ላይ ያለው ወረቀት ላይ በግፊት የታተመ ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር ይኖራል፤ በኦካሪና ላይ ቁጥሩ ብቻውን ከሆነ 1.0፣ «ኤ» ከተከተለው 1.1፣ «ቢ» ከተከተለው 1.2 ነው። ቁጥሩ ደብዛዛ ስለሆነ ብርሃኑን ወደ ጎን አድርገው ያዩት።

«ኦሪጅናል አይደለም» የሚለውን ስጋት ለማጥፋትም አንድ ቀላል ምርመራ አለ። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ትክክለኛ ዲስኮች የታችኛው ገጻቸው ጥቁር ነው፤ አረንጓዴውም ጥቁሩም እትም። በስፓይሮ ሦስት ላይ ደግሞ ሠሪዎቹ ራሳቸው ጠባቂ አስቀምጠዋል። ጌሙ የተቀዳና ጥበቃው የተሰበረ ቅጂ መሆኑን ሲያውቅ ዞኢ የምትባለው የጌሙ ገጸ ባሕርይ መጥታ ቅጂው የተነካካ እንደሚመስል ለተጫዋቹ ትናገራለች፤ ከዚያ የሰበሰባቸው እንቁላሎች መጥፋት ይጀምራሉ፣ ሌላም ሌላም ይበላሻል። ሠሪዎቹ ይህን ያስገቡት ሰባሪዎቹን ለማዘግየት ነበር፣ ተሳክቶላቸዋልም። የልጅዎ ዲስክ የታችኛው ገጹ ጥቁር ከሆነና ዞኢም ምንም ካላለችው ሰላም ነው።

ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ይጠንቀቁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፕሌይስቴሽኖች በአገር ክልል የተቆለፉ ናቸው፤ የአውሮፓው ፕላቲነም በአሜሪካው ኮንሶል ላይ እንዲሁ አይሠራም። ብርማ ጠርዝ ካዩ ቆም ብለው ኮንሶሉ ከየት እንደሆነ ያረጋግጡ።

ስለ ሰብሳቢዎች ስሜት ደግሞ እውነቱን ልናገር፤ ልጅዎ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ሰብሳቢ የሚፈልገው መጫወቱን ብቻ ሳይሆን ዕቃው በወጣበት ቀን የነበረውን መልክ ነው። የመጀመሪያው «ዘ ለጀንድ ኦፍ ዜልዳ» በአሜሪካ በወርቃማ ካርትሪጅ ነበር የወጣው፤ በኋላ «ክላሲክ ሲሪስ» በሚል በቅናሽ ሲታተም ግራጫ ሆነ። ጀብዱው ያው ነው፣ ግን ወርቃማውን ያየ ልጅ ግራጫውን አይመኝም። በቅናሽ እትሞች ላይ አንዳንድ ጊዜ የመመሪያ መጽሐፉ ባለ ቀለም የነበረው ወደ ጥቁርና ነጭ ይለወጣል፣ አብረው የነበሩ ካርታዎችና ወረቀቶችም ይቀራሉ። የሽፋኑ ሥዕልም በጠርዙ ይጠባል። እኔም መደርደሪያዬ ላይ ለመልካቸው ብቻ ያስቀመጥኳቸው ጥቁሮች አሉ። ግን ለመልክ የሚከፈለውና ለጌሙ የሚከፈለው ሁለት የተለያየ ገንዘብ መሆኑን ልጅዎ ከአሁኑ ቢለይ መልካም ነው፤ ለብዙ ታዋቂ ጌሞች ጥቁሩ ከአረንጓዴው በብዙ ይወደዳልና።

ድሮ፣ ዲስኩ አዲስ እየታተመ ሳለ፣ አንድ ተጨማሪ ምክንያት ነበር። የቅናሽ እትም በአዲስነቱ ሲገዛ ለአሳታሚው ገንዘብ ይደርሰው ነበር፤ ያገለገለ ቅጂ ሲሸጥ ግን ምንም አያገኝም። አሁን የዚያን ዘመን ጌሞች ሁለቱም እትሞች ከእጅ ወደ እጅ የሚሸጡ ስለሆኑ ይህ ሚዛን ላይ አይገባም።

ልጅዎ አንድ ቀን ወደ አዳዲሶቹ ኮንሶሎች መሄዱ አይቀርምና ስለእነሱም ጥቂት ልበል። ሶኒ በ2018 ለፕሌይስቴሽን 4 «ፕሌይስቴሽን ሂትስ»ን በ19.99 ዶላር ጀምሯል፤ ጠርዙ ቀይ ነው። እዚህ ላይ ስሌቱ ይቀየራል፤ ምክንያቱም ማረሚያው በኢንተርኔት ስለሚወርድ የቀዩ ዲስክ ይዘት ከመጀመሪያው ላይለይ ይችላል። መታየት ያለበት ተጨማሪው ክፍል ነው። «ብለድቦርን» በቀይ ጠርዝ ሲገዛ ዋናው ጌም ብቻ ነው፤ «ዘ ኦልድ ሀንተርስ» የተባለው ክፍል ለብቻው ይገዛል። «ሆራይዘን ዜሮ ዶውን» በቀይ ጠርዝ ሲመጣ ግን ሙሉው እትም ነው፣ «ዘ ፍሮዝን ዋይልድስ» ዲስኩ ውስጥ አለ። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ «ኮምፕሊት» የሚል ካለ ጀርባውን ያንብቡ፤ ተጨማሪው በዲስኩ ላይ ነው ወይስ በወረቀት ላይ በተጻፈ ኮድ? ኮድ አንዴ ከተሞላ ለሁለተኛው ገዢ አይሠራም፤ ያገለገለ ዕቃ ለሚሰበስብ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኒንቴንዶ ደግሞ ስዊች በተባለው ኮንሶሉ ላይ የቅናሽ መስመር አላወጣም፤ በ2017 የወጣው «ማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስ» ከዓመታት በኋላም በሙሉ ዋጋው ይሸጥ ነበር፣ ከ60 ሚሊዮን ቅጂም በላይ ተሽጧል። ሰው ሳይቀንሱለት የሚገዛ ከሆነ የሚቀንሱበት ምክንያት የላቸውም። ቅናሽ የሚጠብቅ ልጅ ካለ በስዊች ረጅም ጊዜ መጠበቁን ይወቀው።

«ከአሁን በኋላ የትኛውን ልግዛለት?» ላሉት፦ ስፓይሮውን አይመልሱ። ለቀጣዩ፣ ጌሙን ለመጫወት ከሆነ አረንጓዴውን ይውሰዱ፤ በተረፈው ገንዘብ ሌላ ጌም ይጨምሩለታል። ከመክፈልዎ በፊት ግን የዚያ ጌም ሕትመቶች ልዩነት አላቸው ወይ ብለው ይጠይቁ፤ አብዛኞቹ የላቸውም፣ ያላቸው ግን በእውነት አላቸው። በእጅጉ የሚወደው አንድ ጌም ካለ ደግሞ እሱን ብቻ በጥቁሩ ይፈልጉለት፤ አንድ ወርቃማ ዕቃ በመደርደሪያ ላይ መኖሩ ለሰብሳቢ ልጅ ደስታ ነው። ሳይለንት ሂል 2ን ካነሣሁ አይቀር፣ እሱ በአሜሪካው ደረጃ ለ17 ዓመትና ከዚያ በላይ የተባለ፣ በጣም የሚያስጨንቅ ጌም ነው። የትኛውም እትም ይሁን፣ ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ አይስጡት። ባለ «ቦርን ፍሮም ኤ ዊሹን» በጥሩ ዋጋ ካገኙት ገዝተው ለሦስት ዓመት ያቆዩለት፤ ዲስክ በሳጥኑ ሆኖ፣ ፀሐይ ሳያገኘው ቆሞ ከተቀመጠ ምንም አይሆንም።